ከእጅ ወደ ትከሻ፦ ፒያሳ ላይ የተሞከረ የእንቅስቃሴ ሙዚቃ

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት ወጣት ሙዚቀኛ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዋን ያለ ኪቦርድ፣ እጇን አየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ ላይቭ ለመጫወት ተነሳች። ቤቷ ውስጥ ግሩም ሲሠራ የነበረው ነገር ፒያሳ አካባቢ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት ሲቀርብ ተበላሸ። ከዚያ ተፈታታ፣ ተጠና፣ ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። የሳውንዱንና የኮምፒውተር ፕሮግራሙን ሥራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንዲህ መጫወት የሚፈልጉ ልጆች እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ፣ የሆነውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው። ስሟን አልጠቅስም፤ ሙዚቀኛዋ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሙዚቀኛዋ እነ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የተባሉት ሙዚቀኞች የአገር ቤት ድምፅን ከኮምፒውተር ቢት ጋር ሲያዋህዱ እየሰማች ነው ያደገችው። ከእነሱ በፊትም ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምረው ቀርጸዋል። ስለዚህ ቅኝታችን ከማሽን ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእሷ ድሮ ተመልሷል። የሚያሳስባት መድረኩ ነበር። ላፕቶፕ ፊት ቆሞ ቁልፍ የሚጫን ሰው ለተመልካች ምን ይሰጣል? ድምፁ ይሰማል፣ ድምፁን ያመጣው ምን እንደሆነ ግን አይታይም። መሲንቆ የሚጫወት ሰው እጅ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይታያል። ይህን የምታውቀው አጎቷ የረጅም ዘመን መሲንቆ ተጫዋች ስለሆኑ ነው። እሳቸው እዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሳይነኩ መጫወት በራሱ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሜን እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ የሠራው ቴርሚን አንቴና ብቻ ነው ያለው። አንዱ እጅ ለአንቴናው ሲቀርብና ሲርቅ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይቀያየራል፤ ሌላው እጅ ጉልበቱን ይቆጣጠራል። ሆላንድ ውስጥ ሚሼል ቫይስቪስ እ.ኤ.አ. በ1984 እጁ ላይ በሚታሰሩ፣ እንቅስቃሴን በሚያነቡ ሴንሰሮች መጫወት ጀመረ። እንግሊዛዊቷ ኢሞጅን ሂፕ ከባልደረቦቿ ጋር ያበለጸገቻቸው ሚሙ የሚባሉ ጓንቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ቀረቡ። ዋጋቸው በሺዎች ፓውንድ ስለሆነ ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ሙዚቀኛዋ እጅ የገባው ሊፕ ሞሽን ነው፤ ውጭ አገር ያለች እህቷ የላከችላት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ መሣሪያ።

ሊፕ ሞሽን ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ውስጧ ሁለት ካሜራና ሦስት የኢንፍራሬድ አምፖሎች አሉ። ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ወደ ላይ ትረጫለች፣ ከእጅ ነጥሮ የሚመለሰውን ታነባለች፣ የጣቶቹን ቦታ አስልታ ለኮምፒውተሩ ትሰጣለች። የምታየው እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። የመጀመሪያው አደራረግ ይህን ሁሉ ይጠቀም ነበር። የቀኝ እጅ ከፍታ ዜማውን፣ የግራ መዳፍ መከፈትና መዘጋት የድምፁን ብሩህነት፣ የእጅ አንጓ መዞር ሪቨርቡን (የድምፁን ማስተጋባት) ይቆጣጠራል። ቀኝ እጅ ወደ ታች ሲመታ ደግሞ ከበሮ ይወጣል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ሲለማመዱበት ደስ ይል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሆነው

ዝግጅቱ በጥር ወር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሹ ወደ ምዕራብ የሚያዩ ረጃጅም መስኮቶች አሉት። ውብ ቤት ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ስትገባ መድረኩን ሙሉ በሙሉ ሸፈነችው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነገሩ ተያዘ። ዜማው አንድ ኖታ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ከዚያ ሳይታሰብ አንድ ኦክታቭ (አንድ ሙሉ የኖታዎች ዙር) ዘሎ ጮኸ። ከበሮው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል፤ ሲመጣም ከምቱ በኋላ ነው። ሙዚቀኛዋ አልደነገጠችም፤ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብላ ቀድመው የተዘጋጁ ሉፖች (ራሳቸውን የሚደጋግሙ ቅጂዎች) ለቀቀችና ጨረሰች። ሰዉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ግን የይሉኝታ እንደነበር እሷም እኔም ገብቶናል።

ሰው ሲወጣ አጎቷ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ድምፁ ያንቺ መሆኑን በምን ልወቅ? እጅሽን ስታነሺ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል።»

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ናት ያበላሸችው። ሴንሰሩ ማየት አቃተው።»

«እሺ፣ ታበላሸው። ባታበላሸውስ? ከበሮውን አየር ላይ ስትመቺ እጅሽ የቱ ጋ እንደመታ እኔ አላየሁም። አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

መልስ አልነበራትም። እኔ በበኩሌ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው እላለሁ። ፀሐይዋ አንድ ችግር ናት፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን ፀሐይ ባትኖርም ይኖራል።

ፀሐይዋ

ቀላሉን በቅድሚያ ልጨርሰው። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ በብዛት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ እንዴት እንደምትመታ ሁላችንም እናውቃለን። መሣሪያዋ የምትረጨው ደካማ ብርሃን በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ለማረጋገጥ በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት አዳራሹን ለምነን ገባንና የካሜራዎቹን ጥሬ ምስል ስክሪን ላይ ከፈትን። ምስሉ ነጭ ነው፤ እጅ የሚባል ነገር አይታይበትም። መጋረጃ ሲጋረድ እጁ ወዲያው ተመለሰ።

የድሮዎቹ ሃሎጅን የመድረክ መብራቶችም ያው ናቸው። የሚሰጡት ሙቀት ኢንፍራሬድ ነውና መሣሪያዋን ያሳውራሉ። ኤልኢዲ መብራት ግን የሚረጨው ኢንፍራሬድ በጣም ጥቂት ነው። ሙዚቀኛዋ ቤት ያለው መብራት ኤልኢዲ ስለነበር ልምምዱ ላይ ችግሩ ሊታይ አይችልም ነበር።

ከዚህ ጋር ፕሮግራሙ ላይ አንድ ለውጥ አደረግን። እጁ ከካሜራው ሲጠፋ፣ መጨረሻ የተነበበው ቁጥር እንዲቆይ ሳይሆን ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲከስም። ተቸክሎ የሚጮህ ኖታ ሰውን ያሳቅቃል፤ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ግን የዘፈኑ አካል ይመስላል። በካሜራ የምትጫወቱ ሁሉ ይህን አሁኑኑ አድርጉት።

ምቱ የት ነው?

አሁን ወደ አጎትየው ጥያቄ።

ከበሮ ስትመታ ቆዳው እጅህን ያስቆመዋል። ምቱ መቼ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ያየህም ያውቃል። አየር ግን እጅን አያስቆምም። እጁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ምቱ ከነዚህ የቱ ነው? ፍጥነት መቀነስ ሲጀምር ነው ወይስ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ? በሁለቱ መካከል በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች አሉ። በሙዚቃ ይህ ብዙ ነው። ከዚህ ሥራ ጋር የኖሩ ሰዎች በእንቅስቃሴውና በድምፁ መካከል ያለው መዘግየት ከ10 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በዚያ ጊዜ ድምፅ አየር ላይ የሚጓዘው ሦስት ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም።

ላዩ ላይ ደግሞ ማለስለሻው አለ። የሴንሰር ቁጥር ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ አማካይ ይወስድለታል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚነበብ ሴንሰር ላይ የአሥር ንባብ አማካይ ብትወስድ ድምፁ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ቁጥሩ ያምራል፣ ሙዚቃው ይሞታል። እኛ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውንና ዋን ዩሮ የሚባለውን ማጣሪያ አስገባን። እጁ ዝግ ሲል አብዝቶ ያለሰልሳል፣ እጁ ሲፈጥን ደግሞ ይለቃል። ለዜማው ትልቅ ለውጥ አመጣ። ለከበሮው ግን አልበቃም፤ የምቱ ቦታ ራሱ አልታወቀማ።

ለከበሮው ካሜራውን ትተን ወደ ሰውነት ላይ ሴንሰር ዞርን። ኤምፒዩ 6050 የምትባል ትንሽ ቺፕ አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) እና ጃይሮስኮፕ (የመዞር መለኪያ) አላት፤ መብራት አያገባትም። አንጓዋ ላይ አሰርናት። መዘግየቱ ቀነሰ፣ የምቱ ብዥታ ግን ባለበት ነው።

መልሱ የመጣው ሙዚቀኛዋ ስትለማመድ ራሷን በቪዲዮ ስታይ ነው። እጇ ምቱን ሲፈልግ ትከሻዋ ምቱን ቀድሞ ይዞታል። ሳታስበው በትከሻዋ ነበር የምትቆጥረው። እስክስታ ከልጅነቷ የምታውቀው ነገር ነው፤ ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ማንም ሳያስተምራት የወረደችው። «ለምን እዚህ አናደርገውም?» አለችና ሴንሰሩን ትከሻዋ ላይ ለጠፈችው።

ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አየናቸው። የአንጓው መስመር ቀስ ብሎ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። የትከሻው ቀጥ ብሎ ይወጣና ይቋረጣል። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ትከሻ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ጡንቻና መገጣጠሚያ ያስቆሙታል። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የተካነው ይህን መቆሚያ ነው። አየር ላይ ያጣነው ቆዳ ትከሻዋ ውስጥ ነበር።

የተመልካቹም ነገር አለ። አየር ላይ የሚወዛወዝ እጅ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ዘንድ ማንም አያውቅም። ትከሻ ሲመታ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አያትም ሕፃንም ምቱ የት እንደሆነ ያውቃል። የማንበብ ችሎታው አዳራሹ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ይህን ስናገኝ የተሰማኝን ደስታ በጽሑፍ መግለጽ ይከብደኛል።

የቴክኒኩ ዝርዝር ለሚፈልገው እነሆ። ቺፗ ሁለት አድራሻ ስለምትቀበል ሁለት ትከሻ ላይ ያሉትን በአንድ ቦርድ (ቺፖቹን በሚያነብ ትንሽ ኮምፒውተር) ማንበብ ይቻላል። የአክስለሮሜትሩን መጠን 2 ጂ (የመሬት ስበት ሁለት እጥፍ) ላይ ብትተዉት የትከሻው ምት ጫፉ ይቆረጣል፤ 8 ጂ ላይ አድርጉት። በሰከንድ 500 ጊዜ አንብቡ። ምቱ ሲያልፍ ትከሻው ስለሚነጥር ሁለተኛ ድምፅ እንዳይወጣ፣ ከምት በኋላ 80 ሚሊሰከንድ ያህል ሴንሰሩን ዝም አሰኙት። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ፣ እያንዳንዱ ምት ሦስት በሚከፈልበት ጭክጭካ ላይ ትንሿ ክፍፍል 166 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነች የሚጠፋ ነገር የለም። ወደ ጎን የሚዞር አቅጣጫን ግን አትጠቀሙ፤ ቺፗ ኮምፓስ ስለሌላት ቀስ በቀስ ትስታለች።

ገመዱ

መጀመሪያ መረጃው በዋይፋይ ነበር የሚመጣው። ቦርዱ ኢኤስፒ 32 ነው፤ ርካሽ ነው፣ መርካቶም ቢሆን ፈልጎ የሚያጣው የለም። ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ሆነን ምንም አላልንም። ጓደኞቿን ሰብስባ ስትሞክረው ግን ምቶቹ ተጠራቅመው አንዴ ይመጣሉ፣ ከዚያ ክፍተት ይሆናል። ቦርዱ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ የሁሉም ስልክ መንገድ ነው። የማይደራረቡ ቻናሎቹም ሦስት ብቻ ናቸው። የሰው ገላ ራሱ ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ቋሚ መዘግየትን ተጫዋች ይለምደዋል፤ ቀደም ብሎ መምታት ይጀምራል። የሚቀያየር መዘግየትን ግን ማንም አይለምደውም። አማካዩ ትንሽ መሆኑ አያጽናናም።

ስለዚህ ገመድ አደረግን። ብዙ ወጣቶች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ገመድ ያለው ነገር ኋላ ቀር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ትከሻ ላይ ያለ ሴንሰር ገመዱን በጀርባ ማውረድ ይችላል። ቀሚሷን የሰፋችላት ልብስ ሰፊ ከትከሻዎቿ መሃል ለቦርዱ የሚሆን ኪስ፣ ለገመዱም መሹለኪያ ሠራችላት። ዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ ስለማይታመን የመድረኩ ስፋት በዚያ ተወሰነ። እስክስታ ደግሞ ቦታ አይፈልግም፤ ባለህበት ቆመህ ነው የምትወርደው።

ዜማው እጅ ላይ ቀረ

እጅ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። ለምት የማይሆነው አየር ለመንሸራተት ግን ምቹ ነው። ግራ እጇ ከሊፕ ሞሽን በላይ ዜማውን እንዲይዝ፣ ሌላው ሁሉ እንዲቀር ወሰነች። ሪቨርቡን፣ ብሩህነቱን፣ የአንጓውን መዞር ሁሉ አወጣነው።

ድምፁ ሲንሸራተት ደረጃ ደረጃ ይሰማ ነበር። ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ ተራው የሚዲ መልእክት 128 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ኦክታቭ በዚያ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ደረጃ የግማሽ ቶን አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል፤ ጆሮ ይሰማዋል። ድምፅ ለማንሸራተት የተሠራው የሚዲ ፒች ቤንድ ግን 16,384 ደረጃ አለው። ወደዚያ ስንቀይረው መንሸራተቱ ጠራ።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። ዘፈኑ በባቲ ቅኝት ነው፤ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አምስት ድምፅ ብቻ። እኔ እጇ የትም ይሁን የት ፕሮግራሙ ወደ ቅርቡ የባቲ ድምፅ እንዲወስደው ፈለግሁ፤ ከቅኝት መውጣት አይኖርም። እሷ እምቢ አለች። «በድምፆቹ መሃል ያለውን ከወሰድክብኝ ባቲው ምኑ ቀረ?» ልክ ናት። መሲንቆ ላይ ጣት የፈረስ ጭራውን ይነካል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ድምፁ እንደ ልብ የሚንሸራተተውና የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ እጇ ሲረጋ ድምፁ ቀስ ብሎ ወደ ቅርቡ የባቲ ድምፅ ይሳባል፤ እጇ ሲንቀሳቀስ ነፃ ነው። የመሳቡን ጉልበት ያስተካከልነው አጎቷ አጠገባችን ተቀምጠው፣ «አሁን በዛ»፣ «አሁን ላላ» እያሉን ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ሁለተኛው ምሽት

ያው አዳራሽ፣ ምሽት 1 ሰዓት፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ መብራቱ ኤልኢዲ። ከስፒከሮቹ እዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለን በባትሪ ስናደርገው ጠፋ።

የመጀመሪያዋ የትከሻ ምት ከከበሮው ድምፅ ጋር አብራ ስትወጣ አዳራሹ ውስጥ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀኝ ትከሻ ከበሮ፣ ግራ ትከሻ ጭብጨባ። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንዲት እናት እልል አሉ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ መጣና ፊት ለፊቷ እስክስታ ወረደ። እሷም መለሰችለት። እሱ ሲያፈጥን እሷ ታፈጥናለች፣ ሙዚቃውም አብሮ ይፈጥናል።

ችግሩም እዚያው ታየ። ቤዙ በደቂቃ 120 ምት ላይ የተቆለፈ ሉፕ ስለነበር ወደ ኋላ ቀረ። ቤዙን ዘጋሁትና በከበሮና በዜማ ብቻ ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ሉፑን ጨርሰን አስወጣነው። አሁን እያንዳንዱ የቀኝ ትከሻ ምት ቤዙን አንድ ኖታ ወደፊት ያራምደዋል። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የኮምፒውተር ሙዚቃ ፈር ቀዳጁ ማክስ ማቲውስ ሬዲዮ ባተን በሚባለው በትሩ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ በትሩ ሲመታ የተጻፈው ዜማ አንድ እርምጃ ይሄዳል። እኛ በትሩን በትከሻ ተክተነዋል። ሙዚቀኛዋ አሁን ብትፈልግ ታዘገያለች፣ ብትፈልግ ትሮጣለች፣ ማሽኑ ይከተላታል።

አጎቷ ሲወጡ «አሁን አየሁሽ» ብቻ አሏት።

ያልተፈታም አለ። ላብ ሲበዛ ሴንሰሩን የያዘው ፕላስተር ይላቀቃልና ምቱ ይደክማል፤ አሁን ከጡት መያዣው ማሰሪያ ጋር እየሰፋችው ነው። የጎጃምና የጎንደር አወራረድ አንድ ስላልሆነ እንቅስቃሴው ምት ተብሎ የሚቆጠርበት፣ ለአንዱ የተስተካከለው ወሰን ለሌላው አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻ አስቀምጠነዋል። ካሜራው ላይ አሁንም የመብራት ባለሙያውን ቀድሞ ማናገር ግድ ነው። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ጉራጊኛ የሚጨፍር ልጅ መጣ። የእሱ ምት እግር ላይ ነው። ሴንሰሩን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰርነው፤ ወለሉን ሲረግጥ 8 ጂው ሞልቶ ተቆረጠ። ወደ 16 ጂ ከፍ አድርገነዋል፤ የሁለቱን እግሮች ምት ከዝላዩ ለመለየት ደግሞ ጃይሮስኮፑን እየሞከርን ነው።